ወፍ የማየት ሥልጣን

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሠርግ ካርድ ሲያሳትም፣ ሕንፃ ሲመርቅ ወይም ለተሿሚ የደስታ ደብዳቤ ሲልክ «ኦስፒሸስ» የምትለዋን ቃል አይረሳም። ቀኑ ኦስፒሸስ ነው፣ ጅምሩ ኦስፒሸስ ነው ይላል፤ መልካም፣ ምቹ፣ ገድ ያለው ማለቱ ነው። ቃሏ ከላቲን እንደመጣች፣ በውስጧም ወፍ የሚለው «አዊስ» እና ማየት የሚለው «ስፔኬሬ» እንዳሉ የሚያውቅ አንባቢም ብዙ ነው። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ድምዳሜ ነው፤ «ሮማውያን ወፍ እያዩ ዕድላቸውን ይጠነቁሉ ነበር» ይባልና ወሬው ያበቃል። ሮማዊው ሹም ግን ሰማይ የሚያየው ነገ የሚሆነውን ለማወቅ አልነበረም። ዛሬ ላደርገው ያሰብኩትን እንዳደርግ ተፈቅዶልኛል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ነበር። ጠያቂውም ያገኘው ሰው ሁሉ አይደለም፤ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ብቻ ነው። የቃሏን ረጅም ታሪክ የሚነዳው ይኸው የሥልጣን ጉዳይ ይመስለኛል፤ «መልካም» የሚለው ትርጉም ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው።

የሮማ ከተማ አመሠራረት ተረት ራሱ የወፍ ክርክር ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደተረከው፣ መንትዮቹ ሮሙሉስና ሬሙስ ከተማዋ በማን ስም ትጠራ፣ ማንስ ይንገሥባት በሚለው ስላልተግባቡ ፍርዱን ለአማልክት ተዉት። ሬሙስ አቬንቲን ኮረብታ ላይ፣ ሮሙሉስ ፓላቲን ላይ ወጥተው ጠበቁ። ለሬሙስ ቀድመው 6 ጥንብ አንሳዎች ታዩት፤ ይህ እንደተወራ ለሮሙሉስ 12 ታዩት። አንዱ ወገን «እኛ ቀድመናል»፣ ሌላው «እኛ በቁጥር እንበልጣለን» ሲል ጠቡ ጋለና ሬሙስ ሞተ። ጥንብ አንሳ እኛ ዘንድ ለደስታ የሚጠራ ወፍ አለመሆኑን ለጊዜው እንተወው። ወፎቹ መልእክት ማምጣታቸውን ሁለቱም ወገኖች አልተጠራጠሩም። የተጣሉት መልእክቱን ማን በምን ሕግ ያንብበው በሚለው ላይ ነው፤ ሮማውያንም በቀጣዮቹ ሰባት መቶ ዓመታት የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው።

ሥርዓቱ «አውስፒኪዩም» ይባላል። በየዓመቱ ከሚመረጡት ሁለቱ የበላይ ሹማምንት፣ ከቆንሱሎቹ አንዱ፣ ምርጫ ሊያካሂድ ወይም ጦር ሊያዘምት ሲል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይነሣል። ድንኳን ይተከላል። አጠገቡ ያለውን ረዳት «ጸጥታ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ረዳቱ «ጸጥታ አለ» ይላል። ጸጥታ ማለት ሥርዓቱን የሚያበላሽ አንዳችም እንከን አለመኖሩ ነው። ራሱ ከሥርዓቱ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ጸሐፊው ሲሴሮ በዘመኑ ረዳቱ ቀናም ዞርም ሳይል፣ እንደ ልማዱ ብቻ «አለ» እንደሚል እየቀለደ ጽፏል። የሥርዓቱ ሊቃውንት አውጉሮች ይባሉ ነበር፤ ምልክታቸው ጫፉ የተቆለመመ በትር ነው። በዚያ በትር ሰማዩንና ምድሩን ከፍለው፣ ከዚህ እስከዚህ ያለው ብቻ ይታያል ብለው ይወስኑ ነበር። ይህ የተከለለ ቦታ «ቴምፕሉም» ይባላል፤ እንግሊዝኛው ቤተ መቅደስን የሚጠራበት ቃል የመጣው ከዚህ ነው።

መልሱ አዎ ወይም አይሆንም ብቻ ነው፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ቀን ነው። ዛሬ የተከለከለው ነገ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ክፉ ምልክት ሥራውን ለዘለዓለም አይሽረውም፤ ቀጠሮ ያስለውጣል። ደንቡም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከአንዳንዱ ወፍ በረራው፣ ከአንዳንዱ ድምፁ ይታያል፤ ትልቁ ቁራ በቀኝ፣ ትንሹ ቁራ በግራ ቢጮኹ ደግ ነው። በጠቅላላው ግን ለሮማዊ ግራ የመልካም ወገን ነበር፤ ለግሪካዊ ደግሞ ቀኝ። የላቲን ጸሐፍት የግሪኩን ልማድ እያቀላቀሉ ስለጻፉ «ሲኒስተር» የሚለው የግራ መጠሪያ አንዴ ገደኛ አንዴ ገደ ቢስ ሲሆን ኖረ፤ እንግሊዝኛ የወረሰው ክፉውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሮማ ባላባቶቹ ፓትሪሻኖች፣ ተራው ሕዝብ ደግሞ ፕሌቢያን ይባላል። ተራው ሕዝብ ሹመት ይገባኛል ባለ ቁጥር ባላባቶቹ የሚመዙት መልስ «አውስፒኪዩም ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ እናንተ አማልክትን የመጠየቅ መብት የላችሁም» የሚል ነበር። ፕሌቢያን ወደ አውጉሮች ጉባኤ የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300፣ የኦጉልኒየስ ሕግ ሲወጣ ነው፤ የጉባኤው አባላትም 9 ሆኑ።

ሥልጣኑ የቱን ያህል እንደነበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ163 የሆነው ያሳያል። ቆንሱሉ ጢባርዮስ ግራኩስ የተተኪዎቹን ምርጫ ሲመራ ድምፅ የሚሰበስብ አንድ ሰው በድንገት ሞተ። ከኤትሩሪያ የመጡ ሞራ ገላጮች ተጠየቁና «የምርጫው አስፈጻሚ ትክክለኛ አልነበረም» አሉ። ግራኩስ በቁጣ ነደደ፤ እኔ ቆንሱልም አውጉርም ነኝ፣ የሮማን ሕግ እናንተ ባዕዳን ልታስተምሩኝ ነው ብሎ አባረራቸው። ተመራጮቹም ሥራ ጀመሩ። ግራኩስ ግን በኋላ በተሾመበት አገር ሆኖ የሥርዓቱን መጻሕፍት ሲያነብ አንድ ነገር ትዝ አለው። በምርጫው ሰሞን ድንኳኑን ተክሎ፣ ለሴኔት ስብሰባ ወደ ከተማ ገብቶ፣ ሲመለስ የከተማዋን የተቀደሰ ወሰን ዳግመኛ ሲሻገር ምልክት መጠየቅ ረስቶ ነበር። ይህንኑ ለአውጉሮች ጻፈ፤ አውጉሮችም ለሴኔት አሳወቁ። ሁለቱ ቆንሱሎች፣ አንደኛው ከኮርሲካ ተጠርቶ፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሰበር ችሎት የፎርም ጉድለት መዝገብ ሲያዘጋ ያየ ጠበቃ ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ጦር ሜዳ ላይ ወፍ እስኪበር መጠበቅ ስለማያመች ዶሮ በሳጥን ይዞ መዝመት ተለመደ። ጠባቂው ሳጥኑን ከፍቶ መኖ ይሰጣቸዋል፤ ሲስገበገቡ ከአፋቸው ፍርፋሪ ከወደቀ ፈቃድ ተገኘ ማለት ነው። የተራበ ዶሮ ያገኘውን መልቀሙ ምን ይገርማል ብሎ ሲሴሮ ይህንንም አፊዞበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ293 አኲሎኒያ ላይ ከሳምናውያን ጋር ሊዋጋ የተሰለፈው ቆንሱል ፓፒሪየስ ኩርሶር ጠባቂው እንደዋሸው ሰማ፤ ዶሮዎቹ አልበሉም ነበር፣ ጠባቂው ግን በልተዋል ብሏል። ፓፒሪየስ አልደነገጠም። ለእኔ የተነገረኝ መልካም ነው፣ የዋሸ ሰው ኃጢአቱ በራሱ ላይ ነው አለና ጠባቂዎቹን ከሰልፉ ፊት አቆማቸው። ውጊያው ሳይጀመር ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጦር ውሸታሙን ጠባቂ ገደለው፤ ሮማውያንም አሸነፉ። ሕጉን ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ዶሮዋ የሠራችው ሳይሆን በሥልጣን የተነገረው ቃል ነው።

ከ44 ዓመት በኋላ ፑብሊየስ ክላውዲየስ ፑልኬር በሲሲሊ ጠረፍ፣ ዛሬ ትራፓኒ በምትባለው ድሬፓና፣ የካርቴጅን መርከቦች ሊገጥም ሲል ዶሮዎቹ አልበላም አሉት። መብላት ካልፈለጉ ይጠጡ ብሎ ወደ ባሕር አስወረወራቸው ይባላል። በዚያ ቀን 93 መርከብ አጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን ስለ ጦርነቱ ከሁሉ ቀርቦ የጻፈው ፖሊቢዮስ ዶሮዎቹን ጨርሶ አለማንሣቱ ነው፤ ለእሱ የሽንፈቱ ምክንያት የአዛዡ አያያዝና የመርከቦቹ በጠባብ ውኃ መታጎር ነበር። የዶሮው ታሪክ የሚመጣው ከኋለኞቹ ጸሐፍት ነው። አምስት ጊዜ ቆንሱል የሆነው ማርኬሉስ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ብልኃት ነበረው፤ ዕቅዱን የሚያሰናክል ምልክት እንዳያይ ተሸፍኖ በቃሬዛ ይሄድ ነበር። እሱም አውጉር ነበር፤ ያላዩት ምልክት እንደማይቆጠር ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል?

መሣሪያ የሆነ ነገር ውሎ አድሮ ይደንዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ዩልዮስ ቄሣር ቆንሱል ሳለ የሹመት ባልደረባው ቢቡሉስ የመሬት ሕጎቹን ሊያግድ ቤቱ ተዘግቶ ተቀመጠና ሰማይ እያየሁ ነው እያለ መልእክት ይልክ ጀመር። ሰማይ እየታየ ስብሰባ ማድረግ በሕግ ክልክል ነበር። ቄሣር ግን ከቁብ አልቆጠረውም፤ ሕጎቹም ጸደቁ።

ጨዋታውን በአንድ እጅ ያጠቃለለው አውግስጦስ ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ዓለም ሁሉ ይጻፍ ብሎ ያዘዘው ቄሣር። በመጀመሪያው ቆንሱልነቱ ሰማይ ሲያይ እንደ ሮሙሉስ 12 ጥንብ አንሳዎች ታዩት ተብሏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ስም ሲወጣለት ሮሙሉስ ይባል ያሉ ነበሩ፤ የተመረጠው «አውግስጦስ» የሚለውንም የሮማ ጸሐፍት ከአውጉሮች ሥርዓት ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ወዲያ ጄኔራሎቹ የሚዋጉት በእሱ አውስፒኪዩም ሆነ፤ ድሉም የእሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ኮርኔሊየስ ባልቡስ በሮማ የድል ሰልፍ አደረገ፤ ከቄሣር ቤተሰብ ውጭ ያንን ክብር ያገኘ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

በአንካራ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የአውግስጦስ የሥራ ዝርዝር ይህን ቃል ይዟል፤ በእሱ ትእዛዝና አውስፒኪዩም ሁለት ጦር፣ አንዱ ወደ ኢትዮጵያ አንዱ ወደ ዓረብ ምድር፣ መዝመቱን፣ ወደ ኢትዮጵያ የሄደውም በሜሮዌ አጠገብ እስካለችው ናፓታ መድረሱን ይናገራል። ይህች ኢትዮጵያ በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የኩሽ መንግሥት ናት። ንግሥቶቿ የሚጠሩበትን ማዕረግ የአማርኛ አንባቢ ከሐዋርያት ሥራ «ህንደኬ» ብሎ ያውቀዋል። አውግስጦስ ራሱ አልዘመተም፤ ውጊያውን የመራው የግብፁ ገዥ ፔትሮኒየስ ነው። ግሪካዊው ስትራቦ እንደሚለው ኩሻውያን ቀድመው ወደ ደቡብ ግብፅ ወርደው የቄሣሩን ሐውልቶች አፍርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ቁፋሮ ሲደረግ በሜሮዌ ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር የአውግስጦስ የነሐስ ራስ ተገኘ፤ ዓይኖቹ ሳይቀሩ ደኅና ነበሩ። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባ ሁሉ እንዲረግጠው ሆን ተብሎ የተቀበረ ነው የሚለውን ግምት እቀበላለሁ። ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሥልጣኑ አንድ ሰው እጅ ሲገባ ቃሉ ፈታ አለ። እንዲያውም ቀድሞም ጀምሮ ነበር፤ በሠርግ ላይ ምልክት የሚያየው ሰው በሲሴሮ ዘመን ስሙ ብቻ ቀርቶ ወፉ ተረስቶ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ የአሮጌውን እምነት ሥርዓት ሲከለክል ዶሮዎቹም አውጉሮቹም ጠፉ፤ ቃሉ ግን በመጻሕፍት ተረፈ።

እንግሊዝኛ ከላቲኑ «ኦስፒስ» የሚለውን ስም የወሰደው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ቅጽሉ «ኦስፒሸስ» በዚያው መቶ ዘመን መገባደጃ ተከተለ። ሼክስፒር ወፎቹን አባርሮ ኮከብ ተካበት። ሮሚዮ የሚማረረው ገደ ቢስ በሆኑ ከዋክብት ነው፤ «ቴምፔስት» በተባለው ተውኔትም ፕሮስፔሮ ዕጣ ፈንታው የተንጠለጠለበትን ኮከብ የሚገልጸው በዚህችው ቃል ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ደግሞ በእንግሊዝኛው ንጉሥ ክላውዲየስ የወንድሙን ሚስት ማግባቱን ሲያውጅ አንድ ዓይኑን የሚያለቅስ፣ ሌላውን «ኦስፒሸስ» ያደርገዋል፤ እዚህ ላይ ደስ ያለው፣ የፈካ ከማለት አያልፍም። ፈቃድ፣ ጸጥታ፣ ድንኳን፣ አንዱም አልተረፈ።

የሥልጣኑ ትርጉም በሌላ በር ወጥቶ ተረፈ። «ኦስፒስስ» በብዙ ቁጥር ሲነገር ጥላ፣ ከለላ፣ የበላይ ጠባቂነት ማለት ነው። በዜና «በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ድርድር ተካሄደ» ሲባል እንግሊዝኛው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። አማርኛው ጥላ ብሎ ቢያሳምረውም ነገሩ የድሮው የሮማ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ይደክማሉ፣ ስሙ የሚነሣው የባለ አውስፒኪዩሙ ነው። በዚህ ረገድ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ከሠርግ ካርዱ ይልቅ ለቃሉ ታማኝ ነው ባይ ነኝ።

ቃሏ ወደ እስያ ስትሻገር ግን እንደገና ነፍስ ዘራች። በሕንድና በአካባቢዋ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች በኮከብ ቆጣሪ የተመረጠ መልካም ሰዓትን የሚጠሩበት ቃል ሲፈልጉ ያገኙት ይህችኑ ነበር፤ እዚያ ኦስፒሸስ ሰዓት ማለት ደቂቃው ሳይቀር የተቆጠረ ሰዓት ነው። በርማ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1948 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ነው፤ ሰዓቱን የመረጡት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። በስሪላንካ በሚያዝያ አዲስ ዓመት ሲብት እሳት የሚለኮስበትና የመጀመሪያው ምግብ የሚበላበት ሰዓት ዝርዝር በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገራል፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም «ኦስፒሸስ ሰዓታት» ብለው ያትሙታል። በዚያው አገር ፕሬዚዳንት ማሂንዳ ራጃፓክሳ የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በኮከብ ቆጣሪያቸው ምክር ምርጫ ጠሩ። ለድምፅ መስጫ የተያዘው ቀን እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2015 ነበር። ተሸነፉ፤ ማይትሪፓላ ሲሪሴና በማግሥቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።