ያልደረሱን ቦንቦች

አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ታማትብ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የመንገደኛ አውሮፕላን ከደመና በላይ ሲያልፍ እንኳ ሥራዋን ትታ ቀና ትላለች። እኛ ልጆቹ እንስቅባት ነበር።

ያ ሳቅ የቆጨኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰው አገር ስኩባ ስማር ነው። የሰመጡ መርከቦችን ታሪክ ሳገላብጥ «ኡምብሪያ»ን አገኘሁ።

ኡምብሪያ በ1911 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ተሠርታ ኋላ ጣሊያን የገዛት መርከብ ናት። በሰኔ 1932 ዓ.ም. 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦንብ ጭና፣ ስዊዝን አልፋ፣ ወደ ምፅዋና አሰብ ታመራ ነበር። ያኔ በጌምድር ውስጥ አርበኛው ዱር ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ የጣሊያን ጦር ሰፍሯል።

እንግሊዞች ተጠራጥረው ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቆሟት፤ ወታደሮቻቸውም ተሳፈሩባት። ሰኔ 3 ቀን ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬሳን ጣሊያን ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ ሰማ። ጠባቂዎቹ ገና አልሰሙም። የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ ነው ብሎ ሰዉን አስወረደና መርከቧን አሰመጣት።

ለእኛ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ቦንቡ እንግሊዝ እጅ እንዳይገባ ነው። በዓመቱ ክረምት የደብረ ታቦሩ ጦር እጁን ሰጠ። ኅዳር 1934 ቁልቋል በር፣ ከዚያም ጎንደር ተከተሉ። ቦንቦቹ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። ቢነኩ ይፈነዳሉ ተብሎ ስለተፈራ ደፍሮ ያወጣቸው የለም።

መርከቧ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ ከፍተኛ ቦታዋ ለውሃው ገጽ ቅርብ ሲሆን ጥልቁ 36 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከውጭ ማየቱ ቀላል ነው። ወደ ውስጥ መግባት ግን የልምድ ጠላቂ ሥራ ነው። ከ30 ሜትር በታች ናይትሮጅን እንደ ጠጅ ያሰክራል። ጣሪያ ስላለ ቢጨንቅህ ቀጥ ብለህ አትወጣም። ደለሉን አንዴ ከረገጥከው መብራትህም አያሳይህም፤ መውጫህን የምታገኘው ይዘኸው በገባኸው ገመድ ነው። ከፊትህ ደግሞ ቦንቡ እንደ ማገዶ ተደርድሯል፤ አይነካም።

እኔ እስካሁን አልሄድኩም። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ ፖርት ሱዳንም በድሮን ተመትታለች። እዚያም ዛሬ ከሰማይ ድምፅ ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው ቀና የሚሉ እናቶች አሉ። ልጆቻቸው እንደ እኛ አይስቁባቸውም፤ አብረው ቀና ይላሉ።