የደምቢ ውሃ ሁለት ሥራ

የአገራችን የውሃ ኃይል ታሪክ ሲነሳ ገጹን የሚሞሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ኮካ፣ ፊንጫ፣ ግልገል ጊቤ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ። ደምቢን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ የተተከለው ይህ ጣቢያ አቅሙ 800 ኪሎዋት ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን መቱ አጠገብ 5 ሜጋዋቱ ሶር፣ ባሌ ውስጥ ደግሞ 350 ኪሎዋቱ ያዶት ሥራ ጀምረዋል። ሦስቱም የተሠሩት ከዋናው መረብ ተነጥለው በየአካባቢያቸው ያሉትን ከተሞች እንዲያበሩ ነው። የመረቡ ገመድ ገና ሩቅ ነበር፤ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚሄድ የጄኔሬተር ናፍጣ ደግሞ ከጅማ ወዲያ በክረምት ጭቃ መጓዝ ነበረበት። መንገዱን የሚዘጋው ያው ዝናብ ወንዙን ይሞላ ነበር።

ውሃ ተርባይን ስላዞረ አያልቅም፤ ከታች ማሳ ማጠጣት ይችላል። ለምሳሌ ውሃው 20 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ 800 ኪሎዋት ለማመንጨት በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ሄክታር መስኖ በሰከንድ 1 ሊትር ቢመደብ፣ በበጋ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ እንኳ 500 ሄክታር ያጠጣል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ኮካን ያለፈው የአዋሽ ውሃ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ሲያጠጣ ኖሯል።

ዝናብ በማይጠፋበት አገር መስኖ ለምን ይባል ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ችግኝ የሚያፈላ ገበሬ ግን መልሱን ያውቃል፤ ዳስ ሥር ያለውን የቡና ችግኝ በባልዲ ነው የሚያጠጣው። ቡናው በመጀመሪያው ካፊያ አብቦ ዝናቡ ከቀረ፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ዋናው ነገር የቦዩ ቦታ ነው። ከተርባይኑ በላይ ከተከፈተ ገበሬው ማሳው ላይ የሚያፈሰው የከተማውን መብራት ነው፤ በታች ከተከፈተ ግን ማንም ከማንም አይሻማም።

ትንሽ ጣቢያ ሰፊ ማጠራቀሚያ የለውም፤ የበጋውን ውሃ የሚያስቀምጥለት ጫካው ነው። ዩኔስኮ በዚያው አካባቢ ያሉትን የካፋን ደን በ2002፣ የሸካን በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ጫካ ሲመነጠር ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ በውሃ መግቢያው ፍርግርግ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ይከመራል፣ ኩሬው በደለል ይሞላል፣ አሸዋው የተርባይኑን ምላጭ ይበላል። ስለዚህ ከጣቢያዎቹ በታች ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የበጋው ፍሰት ይለካ፤ ከበላይ ያለው ደንም ከመጥረቢያ ይጠበቅ።