የአንድ ቁልፍ ታሪክ፦ ኦቨርድራይቭ፣ ሎክአፕ እና የናፍጣ ቴንደር

የዛሬው ክፍል ከአንድ ትንሽ ቁልፍ ነው የሚነሳው።

አንድ ጠና ያሉ አድማጫችን እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አሮጌ አውቶማቲክ ቴንደር አለኝ። 'ኦቨርድራይቭ ኦፍ' የሚል ቁልፍ አለው። ስጫነው ሞተሩ ይጮኻል፣ መልሼ ስጫነው ዝም ይላል። መቼ ነው የምጫነው?» እኔም «ጋሼ፣ ቀላል ነው» ብዬ ልመልስ ስል፣ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። መልሱ በመርከብ ፋብሪካ ይጀምራል፣ በእኛ ጦርነት በኩል ያልፋል፣ አዲስ አበባንም ይነካል። እስቲ አብረን እንሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1905 ሄርማን ፈቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሽቴቲን ከተማ ውስጥ በቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ችግሩ ይህ ነበር፦ የእንፋሎት ተርባይን በጣም በፍጥነት ይዞራል፣ የመርከቡ ፕሮፔለር ግን ቀስ ብሎ ሲዞር ነው በደንብ የሚገፋው። ሁለቱን እንዴት ያገናኛቸው? ፈቲንገር በመሀላቸው ፈሳሽ አስገባ። አንድ ቬንትሌተር ከሌላ ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን ብቻ አብሩት፤ ያልበራውም በነፋሱ መዞር ይጀምራል አይደል? ሐሳቡ እሱ ነው፣ በነፋስ ፋንታ ፈሳሽ ነው እንጂ።

ዛሬ በአውቶማቲክ መኪና ውስጥ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የዚያ ልጅ ነው። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ክፍል ዘይቱን ይወረውራል፣ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ይቀበላል፣ በመሀል ያለው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስለውጦ እንደገና እንዲገፋ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ፍሪሲዮን መርገጥ የለ፣ መንገጫገጭ የለ።

ግን ነፃ ነገር የለም። ተቀባዩ ምንጊዜም ከወርዋሪው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ይንሸራተታል። ያ የተንሸራተተው ጉልበት የት ይሄዳል? ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ዘይቱን ያግላል። አውቶማቲክ ካምቢዮን ቶሎ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የጋለ ዘይት ነው።

መፍትሔው ታዲያ አዲስ አይደለም። በ1949 የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ አልትራማቲክ የሚባል ካምቢዮ አወጣ። መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ፍሪሲዮን ሁለቱን ክፍሎች አጣብቃ ትይዛቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ መንሸራተት የለም። ሎክአፕ የምንለው ይሄ ነው። በቀጣዩ ዓመት ስቱድቤከርም ተመሳሳይ ነገር አመጣ። ኦቨርድራይቭም ቢሆን ሽማግሌ ነው። ክራይስለር በ1934 ኤርፍሎው በሚባለው መኪናው ላይ ገጥሞት ነበር። ኦቨርድራይቭ ማለት ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከሞተሩ በላይ እንዲዞር የሚያደርግ ማርሽ ነው። ሬሾው 0.69 ከሆነ፣ በቀጥተኛው ማርሽ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር በዚያው የመንገድ ፍጥነት 1380 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ነዳጁም ይቆጥባል።

ታዲያ ሁለቱም ቀድሞ ከነበሩ ለምን ተረሱ? ሎክአፕ በ1950ዎቹ አጋማሽ ጠፋ። ኦቨርድራይቭም ከአውቶማቲኮቹ ጋር ሳይዋሃድ ቆየ። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፦ ቤንዚን ርካሽ ነበር። ነዳጅ ርካሽ በሆነበት አገር ዘይት ውስጥ ስለሚጠፋ ጉልበት ማን ይጨነቃል?

ቀጥሎ ጥቅምት 6 ቀን 1973 መጣ። ቤተሰቦቻችን አስተሰርዮ በሚሉት በዮም ኪፑር ቀን ጦርነት ተጀመረ። አሜሪካ ለእስራኤል መሣሪያ ስትልክ፣ የአረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 12 ዶላር አካባቢ ደረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ ዋጋ ዲትሮይት ብቻ አልደረሰም። በየካቲት 1974 አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲ ነጂዎችም ሥራ አቆሙ። በእርግጥ አብዮቱን ያመጣው ታክሲ ብቻ አይደለም፤ የወሎ ረሃብ አለ፣ መምህራኑ አሉ፣ ተማሪው አለ፣ ወታደሩ አለ። ግን ያ የሥራ ማቆም አድማ በዚያ ዓመት ከተቀጣጠሉት ክብሪቶች አንዱ ነበር፤ በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። እዚህ አገር ያደግን ልጆች ስለ 1973 ጦርነት በትምህርት ቤት፣ ስለ 1974 አብዮት ደግሞ በቤት ውስጥ ነው የሰማነው። ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይመስሉናል። በመሀላቸው ግን አንድ የነዳጅ ዋጋ አለ።

ወደ ማርሻችን እንመለስ። በታህሳስ 1975 አሜሪካ ሕግ አወጣች፦ እያንዳንዱ አምራች የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ ይህን ያህል ነዳጅ መቆጠብ አለባቸው፤ በ1985 በአንድ ጋሎን 27.5 ማይል። መሐንዲሶቹም ወደ አሮጌው ሐሳብ ተመለሱ። ክራይስለር በ1978 ሞዴሎቹ ላይ ሎክአፕ ያለው ካምቢዮ አወጣ። ፎርድ በ1980 ኦቨርድራይቭ ያለው አውቶማቲክ አመጣ። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 ሞዴሎቹ ላይ ሁለቱንም በአንድ ካምቢዮ ውስጥ አዋሃዳቸው።

አሁን ናፍጣው ቴንደር ይግባ። በ1989 ዶጅ ፒክአፑ ላይ 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ሞተር ገጠመ። 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ግን 540 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍ ብሎ አይዞርም፤ በደቂቃ ወደ 2500 ሲደርስ አቅሙ ያበቃል። እንግዲህ ኦቨርድራይቭ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለሱ ነበር። ምን ሰጡት መሰላችሁ? ሦስት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ፤ ኦቨርድራይቭ የለው፣ ሎክአፕ የለው። ክራይስለር ለቤት መኪኖቹ ሎክአፕ ከሰጠ 11 ዓመት አልፎት ነበር እኮ! ሞተሩ በረጅም መንገድ እንዳይጮኽ የኋላውን ዲፈረንሻል 3.07 አደረጉት፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲነሳ ግን ልፋቱ ሁሉ በኮንቨርተሩ ዘይት ላይ ወደቀ።

ለምን? የናፍጣ ሞተር ንዝረትና ጉልበት ጠንካራ ፍሪሲዮን ይፈልጋል፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ሕጉ ራሱ ነው ብዬ አስባለሁ። የነዳጅ ቁጠባው ሕግ ከነጭነታቸው ከ8500 ፓውንድ በላይ የሆኑ መኪኖችን አይነካም ነበር፤ ትልልቆቹ የናፍጣ ፒክአፖች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። አምራቹን የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ዋጋውን የከፈለው ተሳቢ የሚጎትተው ሰው ነው፤ በነዳጅና በተቃጠለ ካምቢዮ።

ኦቨርድራይቭ በ1991 አጋማሽ ተጨመረ፣ ሎክአፕ እስከ 1994 ሞዴል ቆየ። ከመጣ በኋላም ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ሎክአፑ ይለቅ ነበር። ቁልቁለት ላይ ይህ ከባድ ነው፦ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ሲገባው፣ በመሀል የሚንሸራተት ዘይት ይገባል፣ ሸክሙም ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ብዙ አሜሪካውያን ሹፌሮች ራሳቸው ሽቦ ስበው ሎክአፑን በእጅ የሚይዝ ማብሪያ ገጠሙ። ብልሃት ነው፣ አደጋም አለው፤ ነዳጅ እስከ ጥግ ተረግጦ ሳለ ሎክአፕ ከተያዘ ፍሪሲዮኑ ሊቃጠል፣ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል። በ2001 ጄኔራል ሞተርስ በትልልቆቹ ፒክአፖች ላይ አሊሰን 1000 የተባለውን ካምቢዮ ከዱራማክስ ናፍጣ ሞተር ጋር ሲያቀርብ፣ ሹፌሮቹ በገዛ እጃቸው ሲያደርጉት የኖሩትን ኮምፒዩተሩ ይሠራው ጀመር፦ የጭነት ቁልፉን ተጫን፣ ቁልቁለት ላይ ካምቢዮው ራሱ ማርሽ ቀንሶ ይይዝልሃል።

እንግዲህ ጋሼ፣ መልሱ ይኸውልዎ። ሜዳ ላይ፣ ጭነት ሳይኖርዎ፣ ኦቨርድራይቩን ይተዉት ይሥራ። ተሳቢ ይዘው ዳገት ሲወጡ፣ ካምቢዮው ከማርሽ ማርሽ መዋለል ከጀመረ ቁልፉን ይጫኑ። ሞተሩ ቢጮኽም አይደንግጡ፤ ከሚያስፈራው ጩኸት ይልቅ የማይሰማው የዘይት ሙቀት ይበልጣል። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመርዎም በፊት ይጫኑት።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የቀረኝ ሌላ ነገር ነው። መፍትሔው በ1949 በእጅ ላይ ነበር። የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ የሚባክነው ነገር በማን ኪስ እንደሚከፈል ነው የወሰነው። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ይህ ትዝ ይበልዎ።