«ዘ» የቀረችበት ውሳኔ

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይቺ ‹ዘ› ብትቀር ምን ይመጣል?» ይሉኛል። እኔም የጸጥታው ምክር ቤትን ውሳኔ ቁጥር 242 እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 28 ቀን 1959 ዓ.ም. በጀመረው የስድስቱ ቀን ጦርነት እስራኤል ሲናን፣ ጋዛን፣ ዌስት ባንክን ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ጋር፣ የጎላን ኮረብታዎችንም ያዘች። ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በ15 ድምፅ ያለ ተቃውሞ ውሳኔ አሳለፈ። ከ15ቱ አንዷ እኛ ነበርን እኮ! በጊዜው በተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛችን ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ።

እንግሊዝኛው የእስራኤል ጦር «ፍሮም ቴሪቶሪስ ኦኪዩፓይድ» ይውጣ ይላል። «ፍሮም ዘ ቴሪቶሪስ» አይልም። ወደ አማርኛ ስናመጣው «ከተያዙ ግዛቶች» እና «ከተያዙት ግዛቶች» እንደማለት ነው፤ እኛ ጋ ልዩነቱ አንዲት «ት» ናት። ፈረንሳይኛው ግን «ዴ ቴሪቷር» ይላል፤ ይህች «ዴ» ደግሞ «ከ»ን እና «ዘ»ን አንድ ላይ የጨፈለቀች ቃል ስለሆነች «ከተያዙት» ተብላ ትነበባለች። ሁለቱም ቋንቋዎች የምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው። (ውጫሌ አንቀጽ 17ን ያየ ሕዝብ በዚህ አይገረምም።)

ረቂቁን ያቀረቡት የእንግሊዙ ሎርድ ካራዶን «ዘ» የቀረችው ታስቦበት ነው ሲሉ በኋላ ተናግረዋል። የሕንድ ተወካይ ግን ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት «ሁሉም ግዛቶች ማለት ነው» ብለው መረዳታቸውን አስመዝግበዋል።

ለሰዋስው ሰው ደስ የሚለው መግቢያው ላይ ያለው ነው። እዚያ «ቴሪቶሪ»ን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት የለውም ይላል። እዚህም «ዘ» የለችም፤ ግን ቃሉ አሁን የማይቆጠር ስም ሆኗል፣ እንደ ውሃ። «ውሃ ጥም ይቆርጣል» ሲባል የትኛው ውሃ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማንኛውም መሬት ማለት ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለቴም ያለ «ዘ»፤ አንደኛው ወገን የብዙ ቁጥሩን ይዞ «ጥቂቱም ይበቃል» ይላል፣ ሌላው የማይቆጠረውን ይዞ «ስንዝርም አይቀርም»።

በእኔ አስተያየት «ዘ» ስለቀረች ብቻ «ጥቂቶቹ» ማለት ነው የሚለው ክርክር ደካማ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ጫማ አውልቁ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ያለ «ዘ» ቢጻፍ አንድ እግሩን ብቻ የሚያወልቅ አለ እንዴ? ግን «ሁሉንም» ብሎ ቁልጭ አድርጎ አይናገርም፤ ያኔ ሁሉም እጁን ያወጣውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሲና በ1974 ዓ.ም. ለግብፅ ተመለሰች፤ ታባ የምትባለዋ ጥግ ብቻ እስከ 1981 ቆየች። የጎላንና የዌስት ባንክ ክርክር ሲነሳ ጠበቆቹ ዛሬም ያቺን «ዘ» ይፈልጋሉ።