ራስ-ሰር መስመር ቀያሪ፦ ለቤት ጀነሬተር የትኛው ይሻላል?

ራስ-ሰር መስመር ቀያሪ መብራት ሲጠፋ የቤቱን መስመር ወደ ጀነሬተር፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ወደ ቆጣሪው መልሶ የሚያዛውር ዕቃ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ሳይነካው ነው። ኤሌክትሪሺያኖች «ኤቲኤስ» ወይም «አውቶማቲክ ቼንጅኦቨር» ይሉታል። «ኃይል ቀያሪ» ቢባል ቮልቴጅ ከሚለውጠው ትራንስፎርመር ወይም ከኢንቨርተር ጋር ያምታታል። ይህ ዕቃ የኤሌክትሪኩን ጠባይ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን መስመር ብቻ ነው። «መስመር ቀያሪ» ያልነውም ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ማስፈለጉ ለአንዳንዱ ይገርም ይሆናል። ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀምሯል፤ የጣናን ውኃ የሚጠቀመው የጣና በለስ ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር። ይሁንና የሚመነጨው ኃይል የሚገባው ወደ አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መረብ እንጂ በቀጥታ ወደ ሽምብጥ ሰፈር ወይም ወደ ሐይቁ ዳር ሆቴሎች አይደለም። ቤት እስኪደርስ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመርና በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ያልፋል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲመታ፣ ነፋስ ዛፍ ሲጥል ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን መብራት የሚቋረጠው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ማመንጫ ጣቢያ ቅርብ መሆኑ ከዚህ አያድንም።

ዋና ሥራው

ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የሚፈልገው ከመኝታ ተነስቶ ጀነሬተር ከማስነሳት እንዲያሳርፈው ነው። ትልቁ ሥራው ግን ሁለቱ መስመሮች በምንም ዓይነት እንዳይገናኙ ማድረግ ነው። በሁለቱም ጫፉ ወንዴ ሶኬት ባለው ገመድ ጀነሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኙ ቤቶች አሉ። በዚህ ጊዜ የጀነሬተሩ ኤሌክትሪክ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ ኋላ ተቀብሎ ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሚሞተው እንዲህ ነው። ዋናው መብራት በድንገት ሲመጣ ደግሞ ከጀነሬተሩ ጋር ይጋጭና ጀነሬተሩን ያቃጥላል፤ ቤቱንም እሳት ላይ ሊጥል ይችላል።

መስመር ቀያሪው ይህን የሚከለክለው በውስጡ ባለው የብረት መቆለፊያ ነው፤ አንዱ ወገን ካልተቋረጠ ሌላው አይገናኝም። በእጅ የሚዞረው ቼንጅኦቨርም ይህን መቆለፊያ ይዟል። በደኅንነት በኩል ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው። ራስ-ሰሩ የሚጨምረው ማስነሳቱን፣ መጠበቁንና መመለሱን ነው።

አሠራሩ

መቆጣጠሪያው የዋናውን መስመር ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ይለካል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይቸኩልም፤ ብልጭ ብሎ የሚመለስ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ጀነሬተሩን ያስነሳል፤ ቮልቴጁ ሲረጋጋም ቤቱን ያዛውራል። ዋናው መብራት ሲመለስ መርጋቱን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅና ቤቱን ይመልሳል፤ ጀነሬተሩንም ለማቀዝቀዝ ያለ ጭነት ትንሽ አሠርቶ ያጠፋዋል። በመሃል ቤቱ ለጥቂት ሰከንዶች ጨለማ ይሆናል። መቋረጥ የማይችል ኮምፒውተር ያለው ሰው ለብቻው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጀነሬተሩ ነው። በገመድ ተስቦ የሚነሳ የቤንዚን ጀነሬተር በኤቲኤስ አይነሳም። ባትሪና ስታርተር፣ ከውጭ ትእዛዝ የሚቀበል ሽቦ፣ ቤንዚን ከሆነም ራሱ የሚሠራ ቾክ ሊኖረው ይገባል።

ቀጥሎ አምፔር ነው። 10 ኬቪኤ ጀነሬተር በ220 ቮልት 45 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ቀያሪው ግን የሚለካው በጀነሬተሩ ብቻ አይደለም፤ የዋናው መስመር ኃይልም በእሱ ውስጥ ያልፋልና። ዋናው ብሬከር 63 አምፔር ከሆነ ቀያሪው ከ63 ማነስ የለበትም።

ሦስተኛው የፌዝ ጉዳይ ነው። ለሲንግል ፌዝ ቤት ባለ ሁለት ፖል፣ ለሦስት ፌዝ ደግሞ ባለ አራት ፖል ይመረጣል፤ ኒውትራሉም አብሮ እንዲቀየር። በሦስት ፌዝ ቤት መቆጣጠሪያው ሦስቱንም ፌዝ የሚለካ ይሁን። አንዱን ብቻ የሚለካው፣ ሌላው ፌዝ ጠፍቶ የውኃ ፓምፑ ሲቃጠል ዝም ብሎ ያያል። መብራት ሳይጠፋ ቮልቴጅ ሲወርድም ማወቅ አለበት፤ የሚሠራበት መጠን በእጅ የሚስተካከል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውን ዕቃ ከመቀበል በፊት ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። እዚያ ያለው የቤት ጀነሬተርና ቀያሪ በብዛት ለ120/240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለእኛ የሚስማማው ዕቃ ላይ በብዛት አይኢሲ 60947-6-1 የሚል የደረጃ ቁጥር ይገኛል።

ለባሕር ዳር የሚጨመር

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። 10 ኬቪኤ የተባለው ሰሌዳው ላይ ነው እንጂ እዚህ 8 ገደማ ነው የሚሰጠው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል፤ ፓምፕ ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ቤቱን ሙሉ ከማዛወር ፍሪጁን፣ መብራቱንና ፓምፑን በአንድ ቦርድ ለይቶ፣ ምጣዱን ግን ከዋናው መስመር ጋር መተው ይሻላል። አለዚያ ሌሊት ራሱ የተነሳው ጀነሬተር ጭነቱ ሲበዛበት ራሱ ይጠፋል።

የሐይቁ ዳር እርጥበትና ነፍሳትም ይታሰቡ። ቀያሪው ውጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ሳጥኑ ቢያንስ አይፒ 54 የሚል ምልክት ያለው፣ የገመዱ መግቢያም የተደፈነ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን የጭሱ ነገር ነው። በእጅ የሚነሳ ጀነሬተርን የሚያስነሳው የነቃ ሰው ነው፤ ራስ-ሰሩ ግን ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ ይነሳል። በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ከተቀመጠ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ገብቶ ይገድላል። ከቤቱ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ክዳን ሥር ይቀመጥ።

ለማን ይገባል?

ዓሣ በበረዶ ቤት ለሚያቆይ ነጋዴ፣ ለክሊኒክ፣ ለሆቴል፣ ቤቱን ቆልፎ ለሚውል ሰው ራስ-ሰሩ ገንዘቡን ይመልሳል። ቤት ሰው የማይጠፋበት፣ ጀነሬተሩም ትንሽና በገመድ የሚነሳ ከሆነ በእጅ የሚዞረው ቼንጅኦቨር ይበቃል። የትኛውንም ቢገዙ ብቃቱ በተረጋገጠ ኤሌክትሪሺያን ያስገጥሙ፣ በወር አንዴ ዋናውን ብሬከር አውርደው ይሞክሩት፤ ወንዴ ለወንዴ የሆነውን ገመድ ግን ዛሬውኑ ቆርጠው ይጣሉት።