ኦክን በሳህን ማሳደግ፦ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዛፍ በቦንሳይ ጥበብ

ቦንሳይ በጃፓንኛ በሳህን የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የዛሬ መልኩን ይዟል። ብዙ ሰው የቦንሳይ ዛፍ በተፈጥሮው ድንክ የሆነ ልዩ ዝርያ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሜዳ ከሚበቅለው ዛፍ የሚለየው በአያያዝ ብቻ ነው። በሳህን ለዓመታት የኖረ ኦክ ወደ መሬት ቢመለስ እንደ ወንድሞቹ መርዘም ይጀምራል።

ኦክ በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። በኢትዮጵያ ተራሮች በተፈጥሮ ስለማይበቅል፣ የአማርኛ አንባቢ ከዛፉ ይልቅ የአብርሃምን የመምሬ ታሪክ ያውቃል። በዕብራይስጥ አሎን፣ በአረብኛ ባሉጥ ወይም ሲንድያን ይባላል። ከገሊላ እስከ ሊባኖስ ኮረብታዎች በብዛት የሚታየው ዝርያ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያረግፍ ሲሆን፣ ቅጠሉም ትንሽ፣ ጠንካራና ጠርዙ እሾኻማ ነው። ለቦንሳይ ተመራጭ የሚያደርገው የቅጠሉ ማነስ ብቻ አይደለም። ፍየል ሲግጠው፣ መጥረቢያ ሲቆርጠው፣ እሳት ሲያልፍበት ከግንዱና ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በኬብሮን አጠገብ የመምሬ ዛፍ ተብሎ ለብዙ ዘመን የተከበረው አሮጌ ኦክ ግንዱ ከደረቀ በኋላ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ነበር። የቦንሳይ አሳዳጊ መቀስ የሚያነሣው በዚህ ጠባይ ተማምኖ ነው። የታቦር ኦክ የሚባለው ሁለተኛው ዝርያ ቅጠሉ ሰፋ ያለ በመሆኑ በትንሽ ሳህን ላይ መጠኑን ማስማማት ያስቸግራል።

ዛፉ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከቅርጹ ይቀድማል። በጃፓን ከተራራ ተነቅሎ የመጣ አሮጌ ዛፍ ከፍተኛ ክብር አለው፤ በዚህ አካባቢ ግን ይህን መንገድ መከተል አይገባም። የሻሮንን ሜዳ ይሸፍን የነበረው የታቦር ኦክ ደን ለከሰልና ለማገዶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለባቡር ማገዶ ተጨፍጭፎ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። በእስራኤል መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣ የደን ድንጋጌ ኦክን ከተጠበቁ ዛፎች መካከል ያስቀምጠዋል፤ ያለ ፈቃድ መንቀልም ሆነ መቁረጥ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ነገሩ ትርፍ የለውም፤ ዋና ሥሩ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ጠልቆ ስለሚወርድ፣ የተነቀለው አሮጌ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ወጣት ዛፍ ወይም ፍሬ የተሻለ መነሻ ነው።

የኦክ ፍሬ በመጸው ይረግፋል፤ ከደረቀም ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ እንደ ስንዴ ዘር በጎተራ ሊቀመጥ አይችልም። ፍሬውን በውኃ ውስጥ ጥሎ የሚንሳፈፈውን ማስወገድ፣ የሰጠመውን ሳይውል ሳያድር መትከል የተለመደ ነው። ቡቃያው ገና ቅጠል ሳያወጣ ወፍራም ሥር ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይልካል። ይህ ሥር በወጣትነቱ ካልተቆረጠ፣ የግንዱን እግር ዙሪያውን ይዘው ወደ ጎን የሚዘረጉት ሥሮች አይበረቱም፤ ያለ እነርሱም ዛፉ መሬት ላይ የተሰካ በትር ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ትዕግሥትን ይፈታተናል፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ሳህን ያለ ዛፍ ግንዱ አይወፍርም፤ ወፍራም ግንድ የሚገኘው በመሬት ወይም በሰፊ ዕቃ ውስጥ ለዓመታት በነፃነት ሲያድግ ነው። ግንዱ በቂ ውፍረት ሲይዝ በክረምቱ መጨረሻ፣ በየካቲት አካባቢ፣ እምቡጡ ከማበጡ በፊት ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። ከቁስሉ በታች ከሚወጡት ቀንበጦች አንዱ አዲስ ጫፍ እንዲሆን ይመረጣል፤ እርሱም ሲወፍር እንደገና ይቆረጣል። ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የአሮጌ ዛፍ መልክ ያለው ግንድ የሚገኘው በዚህ ተደጋጋሚ መቁረጥ ነው። አሥር ዓመት ለዚህ ብቻ ቢሄድ አይበዛም። ትልቁ ቁስል ሳይሸፈን ቢቀርም አያሳፍርም፤ በሜዳ ያሉ አሮጌ ኦኮችም ግንዳቸው ቦርቡሯል።

ስለ ቅርጽ፣ በየመጻሕፍቱ የሚታየው ባለ ሦስት ማዕዘን የጥድ ቅርጽ ለኦክ አይስማማም። አሮጌ ኦክ አናቱ ሰፊና ክብ ነው፤ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ከባድ ሆነው ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ቅርንጫፍ ለማጠፍ የአሉሚኒየም ሽቦ ይጠመጠማል፤ በዕድገት ወቅት በየሳምንቱ ካልታየ ግን ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። አዲስ ቀንበጥ ሲረዝም ወደ ሁለት ቅጠል ማሳጠር ቅርንጫፉ እንዲበዛ፣ ቅጠሉም እንዲያንስ ያደርጋል። ኦክ ኃይሉን ወደ አናቱ ስለሚልክ፣ አናቱን አዘውትሮ የማይገርዝ ሰው የታችኞቹ ቅርንጫፎች ሲደርቁበት ያያል።

አፈሩ ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት፤ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከጥቂት ብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይበቃል። ሳህን ሲቀየር ከሥሩ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም፤ የአሮጌው አፈር ጥቂትም አብሮ ይሻገራል። በሥሩ ላይ የሚኖረው ጠቃሚ ፈንገስ ውኃና ማዕድን ለዛፉ ያቀርባልና፣ ሥሩን አጥቦ ማራቆት ይጎዳዋል። በጋ ላይ የምሥራቁ ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ቀጭኑ ሳህን በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ማጠጣትና ከቀትር በኋላ ጥላ መስጠት ያስፈልጋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ በአዲሱ ቅጠል ላይ ከታየ፣ የታመመውን ቅጠል አንሥቶ ዛፉን አየር ወደሚያገኝበት ቦታ ማዛወር ይቀድማል።

ቅርንጫፎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ዛፉ ጥልቀት ወደሌለው፣ ያልተቀባ ቡናማ የሸክላ ሳህን ይዛወራል፤ ከዚያም በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ በየካቲት ሥሩ ይታያል።