ሁለቱ የሐርተሼክ ሕጎች

ለመሆኑ ሰው ሕግን የሚያከብረው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ቅጣት ስለሚፈራ ነዋ!» እንላለን። ከጅጅጋ ወዲያ፣ በድንበሩ አጠገብ የምትገኘው የሐርተሼክ ታሪክ ግን ይህን መልስ አያጸናውም።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ተስማሙ። በግንቦት የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቁ፤ የዚያድ ባሬ መንግሥትም ከተሞቹን በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ። ከእልቂቱ ያመለጠው ሕዝብ ሐርተሼክ ሰፈረ። እስከ 1996 ዓ.ም. የቆየው ይህ መጠለያ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከ መባል ደርሶ ነበር። ገበያም ሆነ። በበርበራ ወደብ የገባ ጨርቅ፣ ሲጋራና ኤሌክትሮኒክስ በዚያ በኩል ወደ መሐል አገር ይጎርፍ ነበር፤ በመንግሥት ቋንቋ ኮንትሮባንድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከፊናንስ ፖሊስ መሸሽን እንደ ነውር የማይቆጥር ነጋዴ በሌላ ሕግ ሥር በጥብቅ ይኖር ነበር። ይህም «ሔር» የተሰኘው፣ በጎሳዎች መካከል በቃል የተቋጠረው የሶማሌዎች ውል ነው። ሰው ቢገደል ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይዳኛሉ፤ «መግ» የሚባለውን የደም ካሳ፣ በልማድ ለወንድ 100 ግመል፣ ገዳዩ ከዘመዶቹ ጋር ይከፍላል። ወኅኒ ቤት የለውም።

ፈላስፋው ኸርበርት ሃርት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሽጉጥ ተደግኖበት ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ተገደደ እንጂ ግዴታ አለበት አይባልም ሲል ተከራክሯል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቶም ታይለርም በቺካጎ ነዋሪዎች ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ሕግን የሚያከብሩት ከቅጣት ፍርሃት ይልቅ የሕጉን ባለሥልጣን ቅቡልና ዳኝነቱን ፍትሐዊ ሲሉት እንደሆነ አሳይቷል። የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የተሰናዳው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ በአንቀጽ 3347ም የቀድሞውን ልማዳዊ ሕግ ሻረ። አርብቶ አደሩን ማን ጠየቀው? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) ለባህላዊ ዳኝነት በር ቢከፍትም፣ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው። ነፍስ ግድያ ከዚያ ውጭ ነው፤ መግ ግን አልቆመም።

ሔርን የማወድስ እንዳይመስል። የወንድሙን ልጅ ጥፋት በግመሉ የሚከፍል አጎት ከማንኛውም ፖሊስ የበለጠ ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ ፍርሃት እዚያም አለ፣ የሚፈራው የራስን ሰው ቢሆንም። ለሴት ደም ደግሞ በልማድ የሚከፈለው 50 ግመል ነው፤ ዛፉ ሥር ከሚዳኙት መካከልም ሴት አትቀመጥም። ሐርተሼክ ላይ ጨርቅ ዘርግታ የምትሸጥን ሴት መንግሥት ኮንትሮባንዲስት አላት፣ ሔር ደግሞ ግማሽ ሰው አደረጋት። በሔር ለምን እንደምትገዛ ታይለርም ሃርትም አልመለሱልኝም።